የቤቱ ሰዓት የማን ነው?

ርእሰ አንቀጽ

በዚህች ልሳናችን ስለ መኝታ ቤት፣ ስለ ምግብ ቤትና ስለ ፈተና ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። ዛሬ ግን ከግቢው አጥር ውጭ ስላሉ፣ ድምፃቸውም እምብዛም ስለማይሰማ ሰዎች ልንጽፍ ወደድን። እነርሱም የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸው ጎልማሶች ናቸው። ጎልማሶች ያልነው አስበንበት ነው። ስለ ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር ሁሉም ሰው የሚያስበው ሕፃናትን ነው፤ የሚነጋገረውም ስለ ትምህርት ቤት ነው። ሕፃኑ ግን ያድጋል፤ ሠላሳ ዓመት፣ ዐርባ ዓመት ይሞላዋል፤ እናቱም ታረጃለች። ከዚያ በኋላ የት ይኖራል? ከማንስ ጋር ይኖራል? የሚሰጠው እርዳታ መልካም መሆኑስ በምን ይታወቃል?

በዚህ ነገር ረዥም ልምድ ካላቸው አገሮች አንዲቱ እንግሊዝ ናት። ልምዷ የሚያስመሰግንም የሚያሳፍርም ስለሆነ ሁለቱንም ማየት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በ20ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ አገር ብዙ ሺህ የሚሆኑ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ከከተማ ርቀው በተሠሩ ትልልቅ ሆስፒታሎች ታጉረው ዕድሜያቸውን ይፈጁ ነበር። እነዚያ ሆስፒታሎች ቀስ በቀስ ሲዘጉ በምትካቸው ከመጡት አኗኗሮች አንዱ «በድጋፍ መኖር» የሚባለው ነው። ሰውየው እንደ ማንኛውም ተከራይ በራሱ ስም የቤት ኪራይ ውል ይይዛል፤ ምግብ በማብሰል፣ ገላ በመታጠብ፣ ገንዘብ በመያዝ የሚያግዘው ረዳት ደግሞ በሌላ ውል ይመጣል። ሁለቱ ውሎች የተለያዩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እርዳታው ቢከፋ ረዳቱ እንዲለወጥ እንጂ ሰውየው ከቤቱ እንዳይፈናቀል ነው።

ይሁን እንጂ ውል ብቻውን ኑሮን አያሳምርም። በ2000ዎቹ ዓመታት በብራይተን አካባቢ ሔቪ ሎድ የሚባል የሙዚቃ ጓድ ነበር፤ ከአባላቱም መካከል የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸው ይገኙበት ነበር። ጓዱ ሲጫወት ብዙዎቹ አድማጮች ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጨዋታው ገና ሳያልቅ ብድግ ብለው ይወጡ ነበር። ይህ የሆነው ሙዚቃው ሰልችቷቸው ሳይሆን የረዳቶቻቸው ፈረቃ በ4 ሰዓት ስለሚያበቃ ነው። ሙዚቀኞቹ ይህን አይተው ሰው በወደደው ሰዓት እንዲያመሽ የሚጠይቅ ዘመቻ ጀመሩ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ቁም ነገር አለበት። የገዛ ቤቱ ቁልፍ በኪሱ ያለ፣ ስሙ በውሉ ላይ የሰፈረ ሰው የመኝታውን ሰዓት ሌላ ሰው ከወሰነለት ያ ቤት ገና የእርሱ ቤት አልሆነም።

ከዚህ እጅግ የከፋም ደርሷል። በብሪስቶል አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል 24 ሰዎችን የሚይዝ የግል ሆስፒታል ነበር። ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ያህል ይከፈልበት ነበር። በ2011 አንድ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ረዳት ሆኖ ተቀጥሮ በስውር ያነሣው ፊልም ሕመምተኞች ሲመቱ፣ መሬት ለመሬት ሲጎተቱ፣ ውሃ ሲደፋባቸው ለሕዝብ አሳየ። በ2012 ዐሥራ አንድ ሠራተኞች ጥፋተኞች ተብለው ስድስቱ ታሰሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን አንድ ነርስ አስቀድሞ ለአለቆቹም ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ኮሚሽንም አቤት ብሎ ሰሚ ማጣቱ ነው። መንግሥት ያለ አግባብ በሆስፒታል የተያዙትን ሁሉ እስከ ሰኔ 2014 ወደ ኅብረተሰቡ እመልሳለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ቀኑ ግን ቃሉ ሳይፈጸም አለፈ። በ2024 እንኳ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች በሆስፒታል ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ገንዘብ ብቻውን ጥራትን አይገዛም። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መቋቋሙም ብቻውን አይበቃም፤ ተቆጣጣሪው መጥቶ መዝገብ አይቶ ይሄዳል፤ ሰውየው ግን ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የእርዳታ ጥራት የሚመዘነው በጥቂት ጥያቄዎች ነው። ሰውየው ከማን ጋር እንደሚኖር ራሱ መርጧል ወይ? ሳያንኳኳ በሩን የሚከፍትበት አለ ወይ? «አልፈልግም» ሲል ይሰማል ወይ? ደመወዝ ተከፍሎት ሳይሆን ወድዶት የሚጠይቀው ወዳጅ አለው ወይ? ለእነዚህ መልስ በሌለበት ቤት ግድግዳው ቢያበራም እርዳታው ጎዶሎ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ 19ኛ አንቀጽ ማንኛውም ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መርዳት የመንግሥት ግዴታ መሆኑን፣ ይኸውም አቅም በፈቀደ መጠን መሆኑን ደንግጓል። በሌላ በኩል የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ አእምሮው ደካማ የሆነውን ሰው ከሰካራምና ከገንዘብ አባካኝ ጋር በአንድ አንቀጽ አስቀምጦ እንደ ሁኔታው ከእብድ እንዲቈጠር አድርጓል። እንግሊዝ በ2005 ባወጣችው ሕግ ግን የማይችል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር እያንዳንዱ ሰው መወሰን እንደሚችል ይገመታል። እንደማይችል አስቀድሞ የተቈጠረ ሰው የኪራይ ውል እንዴት ይፈርማል? የሕግ ተማሪዎቻችንና መምህሮቻቸው ይህን ነገር አንሥተው ቢከራከሩበት ለአገር ይጠቅማል።

«አገራችን ድኻ ናት፤ ይህ የሀብታሞች ወግ ነው» የሚል አይጠፋም። ድህነታችንን አንክድም። በየቤቱ ሸክሙን የተሸከሙት እናቶችና እኅቶች የሚያግዛቸው እንደሌለም እናውቃለን፤ ደመወዝ ሳይጠይቁ ዕድሜያቸውን ለሰጡ ሰዎች ያለን አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ጎልማሳውን ምን መልበስ እንደሚወድ፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ መሄድ እንደሚፈልግ ለመጠየቅ በጀት አያስፈልግም። ከእንግዳ ዐይን አለመሸሸግም ወጪ የለውም። ወደ ፊት መንግሥትም ሆነ በጎ አድራጊ ቤት ሲሠራ ደግሞ ሌሎች ሞክረው ያፈረሱትን ትልቅ ግቢ እኛ እንደ አዲስ እንዳንገነባ ካሁኑ መናገር አለብን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። የሶሻል ወርክና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎችን ለልምምድ ሲልኩ ጎልማሶች ወዳሉበትም ይላኩ። በአሜሪካና በአውሮጳ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ስላሉ ያዩትን ደጉንም ክፉውንም እንዲጽፉልን ማኅበሩ ይጠይቃቸው። በመጨረሻም በሚቀጥለው የክርክር ስብሰባችን ስለ እነዚህ ጎልማሶች ስንናገር እነርሱ ራሳቸው ከነቤተሰባቸው ተጋብዘው ይናገሩ፤ ንግግራቸው ቢዘገይም ታግሠን እንስማ። ወንበሩን ማዘጋጀት የማኅበሩ ሥራ ነው፤ መጥቶ መስማት ግን የእያንዳንዳችን ነው።