«ሁለቱም ያው ናቸው» ማለት ይበቃል?

አንዳንድ ተራማጆች «ሁለቱም የከበርቴ ፓርቲዎች ናቸው፤ ከነገሩ ጦም እደሩ» እያሉ ከምርጫ ይርቃሉ። ክሱ እውነትነት አለው። ግን እስቲ አሜሪካንን እንይ! እ.ኤ.አ. በ2000 ቡሽ ፍሎሪዳን፣ በዚያውም ፕሬዚዳንትነቱን ያገኘው ጎርን በ537 ድምፅ ብቻ በልጦ ነው። በዚያችው ግዛት፣ ሁለቱ ፓርቲዎች አይለያዩም ይል የነበረው ራልፍ ኔደር 97,488 ድምፅ አገኘ። ቤቱ የዋለውን ተራማጅማ ማን ቆጠረው? በ2003 ቡሽ ኢራቅን ወረረ። ጎር ቢሆን አይወርም ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ድምፅ መስጠት ለተመረጠው ማደር አይደለም፤ ነገ የምንታገለውን ባላጋራ ዛሬ መምረጥ ነው። ዕጩ መምህራን ጓዶች፣ መርጠን በማግስቱ እንቃወመው! አለዚያ ነገራችን ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።