ለከረባት ሲባል ሰው አይቀቀል!

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰመራ 430 ሜትር አካባቢ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያልሰማው የዋና መሥሪያ ቤቶቻችን የአለባበስ መመሪያ ብቻ ነው።

መመሪያው የሚጻፈው ጠዋት ኮት በሚያስፈልግበት ከተማ ነው። ከዚያ አንዲት ቃል ሳትለወጥ ወደ ሰመራ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ድሬዳዋ ይላካል። ለሥራ ቆላ በወረድኩ ቁጥር አያለሁ፤ ውጭ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፏል፣ መስኮት ላይ የተቀመጠው ልጅ ኮትና ከረባት አድርጎ በመሐረብ ግንባሩን ይጠርጋል። ይህ ልጅ ቆላ ሲመደብ ቤተሰብ ተረዳድቶ የገዛለት ሙሉ ልብስ ነው። ያ ብር ለሁለት ወር የቤት ኪራይ ይበቃው ነበር።

ነገሩ የምቾት ጥያቄ አይደለም። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። ርካሹ ሙሉ ልብስ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ላብ አይመጥም። ገበር ሲጨመርበት፣ አንገት በከረባት ሲታሰር ደግሞ አየር መግቢያ የለውም። ውጤቱ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ሽፍታ ነው። ከዚህ በኋላ «ሠራተኛው ደንበኛ ላይ ይነጫነጫል» ተብሎ ግምገማ ይጠራል!

«ኤሲ አለ እኮ» የሚል አይጠፋም። ያ ኤሲ የሚሠራው ለሰውየው ሳይሆን ለኮቱ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኤሲው ይቆማል፣ ኮቱ ግን ይቀራል።

«የደንበኛ ክብርስ?» ይባላል። የትኛው ደንበኛ? የአፋር ሽማግሌ በነጭ ሽርጡ ሸንጎ ተቀምጦ ነገር ይፈታል፤ ክብሩ አልጎደለበትም። ሰፊና ሳሳ ያለ የጥጥ ልብስ ፀሐይ ይከላከላል፣ አየር ያስገባል፣ ላብ ያደርቃል። ይህ ለዘመናት የተፈተነ እውቀት ነው። እኛ ግን «የቤት ልብስ» ብለን ናቅነው። ድሬዳዋ አድጎ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ የሚዛወረውን ሠራተኛ «ለክብር ስትል በሽርጥ ና» የሚለው የለም። ሹራብ ግዛ ነው የሚባለው። ታዲያ ብርዱን ያመነ መሥሪያ ቤት ሙቀቱን ለምን ይክዳል?

ጃፓን እንኳ ገብቷታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የአካባቢ ሚኒስትሯ ዩሪኮ ኮይኬ «ኩል ቢዝ» የተባለ ዘመቻ ጀመሩ፤ በበጋ የመሥሪያ ቤቶች ማቀዝቀዣ 28 ዲግሪ ላይ ይሁን፣ ሠራተኛውም ኮትና ከረባቱን ያውልቅ ተባለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮይዙሚ ራሳቸው ያለ ከረባት ታዩ። በሥራ ሥርዓት ማክበር ከጃፓን የምንበልጥ ካልሆነ በቀር ሰበብ የለንም።

ጨርቁም ሩቅ አይደለም። አዋሽ ሸለቆ ጥጥ የሚመረትበት ምድር ነው። ከጥጡ ማሳ አጠገብ ያለ ሠራተኛ ከውጭ በመጣ ፖሊስተር መቀቀሉ ያሳፍራል።

ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነው። ለቆላ ቅርንጫፎች የተለየ የአለባበስ ደንብ ይውጣ። ለሰመራ ደረቅ ሙቀት ሰፋ ያለ፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ሸሚዝ፤ እርጥበት ለሚበዛበት ጋምቤላ ስስና አጭር እጅጌ። ሽርጥ በሚለበስበት አገር ንጹሕ ሽርጥ የሥራ ልብስ ይሁን። ደንብ ልብስ የሚያስገድድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ራሱ ገዝቶ ያልብስ፤ የጥበቃ ሠራተኞቹን ወፍራም ካፖርትም አይርሳ።

ይህ አይሆንም የሚል ኃላፊ ካለ፣ ሰኔ ላይ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አጥብቆ ሰመራ ወርዶ አንድ ሳምንት መስኮት ላይ ይሥራ። ከዚያ መጥቶ መመሪያውን ይፈርም።