እህት የወንድሟ መለወጫ እስከ መቼ?



መስከረም ላይ ሴት ልጆቻችን ለትምህርት ይመዘገባሉ። ዓመቱ ሳይጋመስ የአንዳንዶቹ ወንበር ባዶ ነው። ምክንያቱን የማያውቅ የለም። በጉሙዝ ልማድ ሚስት የፈለገ ወጣት እህቱን ይለውጣል፤ እህት የሌለው ከዘመድ ይፈልጋል። ወንድም ለማግባት ሲነሣ እህት ደብተሯን ታስቀምጣለች ማለት ነው። አንዷ ከባሏ ስትጣላ ሌላዋም ትመለስ ይባልና ጠቡ የሁለት ቤት ይሆናል፤ ደም ያፋሰሰበትም ጊዜ አለ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 648፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባን ይቀጣል። ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስራቱ እስከ 7 ዓመት ይደርሳል። ይህን የሰማ ብዙ ነው። ግን ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጠው ማነው? እኛው ነን! ስንተኛ ክፍል ደረሰች ብለን ሳንጠይቅ መርቀን ተነሥተናል።

ውኃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙም አለ። ወንድሟ ጀሪካን ቢሸከም ምን ይሆናል?

ለጊዜው የምንጠይቀው ይህን ነው። ከ18 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ ልውውጥ ሽማግሌ ሁኑ ሲሏችሁ፣ አንቀመጥም በሉ። ከገጠር ለትምህርት ለምትመጣ ልጅ ማደሪያ የምትሰጡም ለማኅበሩ ጸሐፊ ንገሩ።