«አለ» የሚባለው መብራት

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሻማ ይፈለጋል፣ ክብሪት ይጠፋል፣ የሰፈር ልጆች «ሄደ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ከዚያ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙ ተብሏል። እኔን ከጨለማው ይልቅ የሚያናድደኝ ሌላው ነው፤ የወዲያኛው ሰፈር ድርግም ብሎ የእኛው «ተመስገን፣ እኛ ጋ አለ» የሚልበት ምሽት። የለማ!

በቅርቡ እንዲህ ባለ ምሽት እንጀራ ጋግራ የምታስረክበው ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ እናንተ ጋ መብራት አለ?»

«አለ» አልኳት። አምፖሉ በርቷል፣ ሌላ ምን ልበላት?

«እኛም ጋ አለ፤ ምጣዱ ግን አልግል አለኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊገነፍልብኝ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ለሆቴሉ ማስረከብ አለብኝ።»

የሰፈራችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራነው። መለኪያውን ሶኬቱ ውስጥ ሲከተው 112 ቮልት አሳየ። መሆን ያለበት 220 ነው። ግማሽ ቮልት ማለት ግማሽ ሙቀት ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። አይደለም። ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። በሩብ ሙቀት ደግሞ እንጀራ አይጋገርም፤ ሊጡ ይደርቃል እንጂ። ዓይን የሌለው ነገር ተቆራርሶ ይነሳል፤ ማን ይገዛታል? ቆጣሪው ግን ያልጋገረውንም ምጣድ ይቆጥራል።

የፍሪጅ ነገርማ አይነሳ። ሞተሩ ለመነሳት ይታገላል፣ እህህ ይላል፣ መዞር ያቅተዋል፤ ቆሞ ሳለ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ጨለማ ፍሪጅ አቃጥሎ አያውቅም። የሚያቃጥለው «ያለው» መብራት ነው።

የድሮው አምፖል ቢያንስ ሐቀኛ ነበር። ኃይል ሲወርድ እንደ ፍም ይቀላል፤ እኛም አይተን የሚነቀለውን እንነቅላለን። የዛሬዎቹ የኤልኢዲ አምፖሎች ግን ብዙዎቹ በ112 ቮልትም ወለል አድርገው ያበራሉ። ሳሎን ተቀምጠን በብርሃኑ ስንጫወት ጓዳ ፍሪጁ ይሞታል።

«አለ» የምትለው ቃል ጠብቃ ስትነበብ መኖር ናት፤ ላልታ ስትነበብ ማለት ናት። ይህን ለተማሪዎች ስነግር ዓመታት ኖሬያለሁ። የእኛ መብራት ላልቶ የሚነበበው ነው። «አለሁ» አለ፤ አበቃ።

ሠራተኛው መሬት ላይ በስንጥር እየሣለ አስረዳኝ። ከፍተኛው መስመር ወደ ሰፈራችን ትራንስፎርመር የሚገባው በሦስት ሽቦ፣ በሦስት ፊውዝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲቃጠል ወደ ቤታችን ከሚመጡት ሦስት ፌዞች አንዱ ብቻ ደህና ይሆናል፤ ሁለቱ ወደ ግማሽ ይወርዳሉ። (ስሙም ራሱ ፌዝ ነው።)

የእኛ ጉድ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ደህናው ፌዝ የትኛው እንደሆነ ሰፈሩ ወዲያው ያውቃል። ብር ያለው ሰው ምሰሶ ላይ የሚወጣ ይፈልግና መስመሩን ያስቀይራል። ነገ ጎረቤቱ፣ ከነገ ወዲያ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያ ብየዳ ቤቱ ይከተላል። የሰፈሩ ሸክም ሁሉ አንድ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ያም ይደክማል። ሌላውን አልወቅስም፤ እኔም አምና አስቀይሬያለሁ። ቤቴ ለሁለት ሳምንት እሰይ የሚያሰኝ ሆነ። ያቺ እንጀራ ጋጋሪ ቀድሞውንም እዚያው ፌዝ ላይ እንደነበረች፣ ሌሎቻችን ተሰብስበን ምጣዷን እንዳቀዘቀዝንባት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እሷ ወደ ሌላ ለመዛወር የምትከፍለው አልነበራትም።

ስልክም ደውያለሁ።

«መብራት ጠፍቷል?»

«አልጠፋም፤ ግን…»

«ካልጠፋማ አለ ማለት ነው።»

በቃ። በዚህ አነጋገር ከጠፋና ካለ በቀር ሦስተኛ ነገር የለም። ሦስተኛው ከሌለ ደግሞ አልተመዘገበም፣ ካልተመዘገበ አይጠገንም፤ ለተቃጠለው ፍሪጅም ተጠያቂ አይኖርም።

የኃይል እጥረት የሚለው ምክንያት በጊዜው ይገባን ነበር። በ2011 ዓ.ም የግድብ ውሃ ጎድሎ በፈረቃ ስንዳረስ ችለን አሳልፈነዋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ቦንዱን ከገዙት መካከል እኔም አለሁበት፤ ደስታዬም የእውነት ነው። ነገር ግን ከጉባ ድረስ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ የመጣ ኃይል የመጨረሻዋ መቶ ሜትር፣ ከምሰሶው እስከ ምጣዱ ያለችው፣ እንዴት ታቅተዋለች? ለትልቁ ግድብ የተሰለፍነውን ያህል ለአንዲት ፊውዝ የሚሰለፍ ጠፋ።

ስልክ የሚያነሳው ሰው «ስንት ቮልት ነው?» ብሎ ይጠይቀን። የወረደ ኃይል እንደ ጠፋ ይቆጠር። ፊውዙ እስኪቀየር ድረስም ግማሹን ከሚልኩልን ጭራሽ ያጥፉት፤ ጨለማውን እንችላለን፣ ለምደነዋል።

ያን ሌሊት ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ እንጨት አንድዳ ስትጋግር አነጋች። ጠዋት እንጀራውን ተሸክማ ስታልፍ ዓይኗ በጭስ ቀልቶ ነበር።

«አሁንስ መብራት አለ ጋሼ?»

«ቆይ ልለካው» አልኳት።