የማጠቃለያችን ገጽና የክምሩ ላይኛው እህል



የሥራ ፈጠራ ውድድር ማስታወቂያ በግቢያችን በተለጠፈ ቁጥር ብዙዎቻችን ቡናን መርጠን ፕሮፖዛል እንጽፋለን። ቦንጋ ተቀምጦ፣ ማንኪራን ጎረቤት አድርጎ ስለ ሌላ ነገር መጻፍም ይከብዳል። ችግራችን መጀመሪያ ላይ ያለችው አንድ ገጽ ናት፤ “ኤግዘኪዩቲቭ ሰመሪ” የምንላት ማጠቃለያ። አብዛኛውን ጊዜ “ካፋ የቡና መገኛ እንደመሆኑ” ብላ ትጀምርና ስለ እናት ቡና ዛፍ፣ ስለ ጫካውና ስለ ቡና ሙዚየሙ አውርታ ታልቃለች። አንባቢው ምን እንደምንሸጥ፣ ስንት ብር እንደምንጠይቅና ከምን እንደምንከፍል ሳያውቅ ወረቀቱን ያስቀምጣል።

ማንኪራ የምንኮራበት ስም ነው፤ ግን የእኛ ሥራ ውጤት አይደለም። ጫካውንና ቡናውን ጠብቀው ያቆዩት የዴቻ ገበሬዎች ናቸው። የካፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብም የታየው የእነሱ ጥበቃ ነው። በዚህ ስም ገጽ ከሞላን ገንዘብ ሰጪው ስለ እኛ ያወቀው ነገር የለም ማለት ነው።

ጉዳዩ እኛን ሙስሊም ተማሪዎችን የሚመለከተን በሌላም በኩል ነው። ሪባ ፈርተን ከብድር የምንሸሽበት ምክንያት ዛሬ ጠብቧል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል። በሩ ቢከፈትም የምናቀርበው ወረቀት ግን ለወለድ ብድር እንደተጻፈ ነው፦ “ይህን ያህል ብር ስጡን” ይላል።

በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሮን ይሸጥልናል። ስለዚህ ማጠቃለያችን ዕቃውን በስሙና በዋጋው መጥራት አለበት። በሙዳረባ ገንዘቡ የባንኩ፣ ልፋቱ የእኛ ነው። ትርፉን አስቀድመን በተስማማንበት ድርሻ እንካፈላለን፤ ያለ እኛ ጥፋት ኪሳራ ቢመጣ ገንዘቡ የሚጎድለው ከባንኩ ነው። በሙሻረካ ሁለታችንም ገንዘብ እናዋጣለን፤ ኪሳራም በመዋጮ ልክ ይደርሳል። ገዢ ወይም ሸሪክ ሊሆን የሚያስብ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ የትኛው ውል? ለየትኛው ዕቃ? በስንት ድርሻ?

እንዲህ ያለ ማጠቃለያ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው።

“የማንኪራ ገበሬዎች እሸት ቡናቸውን ሲያደርቁ ዝናብ ይመታቸዋል። ከላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ የማድረቂያ አልጋ ሠርተን በኪሎ 10 ብር እናስከፍላለን። በአንድ የመልቀሚያ ወቅት 6,000 ኪሎ ብናደርቅ 60,000 ብር እናገኛለን፤ የሠራተኛና የጥገና ወጪያችን 20,000 ብር ነው። ባንኩ 60,000 ብር የሚያወጣ ሽቦ፣ ፕላስቲክ፣ እንጨትና የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ በ72,000 ብር በሙራበሃ እንዲሸጥልን እንጠይቃለን። በሦስት ወቅት፣ በየወቅቱ 24,000 ብር እንከፍላለን። ትልቁ ስጋታችን የጫካ ቡና በየዓመቱ እኩል አለመስጠቱ ነው። ምርቱ ወደ 4,000 ኪሎ ቢወርድና ወጪያችን 15,000 ብር ቢሆን የሚተርፈው 25,000 ብር ክፍያውን ለጥቂት ይሸፍናል፤ ከዚያ ከወረደ ግን አይበቃም። እንጨቱ የተተከለ ባሕር ዛፍ እንጂ ከጫካው የተቆረጠ አይደለም።”

ይህ ጽሑፍ “የቡና መገኛ” የሚል ቃል አንዴም አላነሳም፤ ግማሽ ገጽም አይሞላም። የእኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ልማድ የሆነው የማሽን ዝርዝርም የለበትም፤ ቦታው ውስጠኛው ገጽ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለጌጥ አልገባም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢገፋም የካፋን ቡና የሚገዛ ሰው ስለ ጫካው መጠየቁ አይቀርም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን “ስጋትን ፊት ለፊት ከጻፋችሁ ማን ገንዘብ ይሰጣችኋል?” ይላሉ። ውድድር እንደመሆኑ ጥያቄው ተራ አይደለም፤ ሌላው ቡድን አሳምሮ ሲጽፍ የእኛ ሐቀኝነት ሊያስቀረን ይችላል። ግን በመድረሳ የተማርነውን እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን አስገቡና ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ነገሩት። ሻጩ በአፉ አልዋሸም፤ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከሥር ማድረጉ ራሱ ማታለል ሆነ።

ማጠቃለያ የክምሩ ላይኛው እህል ነው። ስጋቱን አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀብረን ትርፉን ብቻ ከላይ ካደረግን የጻፍነው ሁሉ እውነት ቢሆንም ያው ነጋዴ ሆንን። በዱንያም ቢሆን አያዋጣም፤ ባንኩ ሸሪክ ሊሆን ነውና እጁን ወደ ሥር ማስገባቱ አይቀርም። የማንኪራ ገበሬም ቡናውን እኛ አልጋ ላይ ሲያሰጣ የዓመት ልፋቱን ነው የሚያምነን። ሥራው ሲከሽፍ ከእኛ ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው።

ስለዚህ ለጀማዓችን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ፕሮፖዛል ከማስገባታችን በፊት ማጠቃለያዋን ብቻ ከሌላ ትምህርት ክፍል ለሆነ ወንድም ወይም እህት እንስጥ። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብለን እንጠይቀው፦ ምን ልንሠራ ነው? ስንት፣ በየትኛው ውል ጠየቅን? ከምን እንከፍላለን? ምን ሊያከስረን ይችላል? አንዱን መመለስ ካቃተው ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም፤ ገጿ እንደገና ትጻፍ። ከመግሪብ በኋላ የምንቀመጣት ግማሽ ሰዓት ለዚህ ትበቃለች።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግግራችንን እውነት ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።