ሳይለዩ ማቆየት

«ኳራንቲን» የሚለውን የባዕድ ቃል አማርኛ «ለይቶ ማቆያ» ብሎታል። ስያሜው ሁለት ሥራዎችን በቅደም ተከተል ያዝዛል፤ መጀመሪያ መለየት፣ ቀጥሎ ማቆየት። የታመመውን ካልታመመው፣ የተጠረጠረውን ካልተጠረጠረው ሳይለዩ ሰውን በአንድ ጣሪያ ሥር ማቆየት ለወረርሽኝ የሚበላውን ሰብስቦ ማስቀመጥ ነው። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ኮቪድ-19 በገባባቸው የሽርሽር መርከቦች ላይ የሆነው በአብዛኛው ይኸው ነበር። ያም ሆኖ አንድ አስተሳሰብ እስከ ዛሬ ከባለሥልጣናትም ከተራው ሰውም አልጠፋም። መርከብ ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ለይቶ ማቆያ ነው ይባላል፤ ዙሪያውን ውኃ ከቦታል፣ ምግብና ሐኪም በውስጡ አለ፣ ለመግቢያና ለመውጫው አዛዥ አለው፤ ስለዚህ በሽታው እስኪያልፍ እዚያው ይቆይ። ይህን አስተሳሰብ እቃወማለሁ። ወሰኑን የሚያሰምረው በመርከቡና በየብሱ መካከል ነው፤ በሽታው ግን የሚተላለፈው በሰውና በሰው መካከል ነው። ወሰኑ ቦታውን ሲስት ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ በመርከቡ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ድምፅ ያላቸው ናቸው።

ከዳይመንድ ፕሪንሰስ የበለጠ ማስረጃ የለም። 2,666 ተሳፋሪዎችንና 1,045 ሠራተኞችን የያዘችው መርከብ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020 ዮኮሐማ ደረሰች። ጃንዋሪ 25 ቀን ሆንግ ኮንግ ላይ የወረደ አንድ ተሳፋሪ ቫይረሱ እንደተገኘበት በዚያን ጊዜ ታውቋል። መጀመሪያ ውጤታቸው ከደረሰው 31 ሰዎች አሥሩ ቫይረሱ ሲገኝባቸው፣ ከፌብሩዋሪ 5 ጀምሮ ተሳፋሪዎች ለ14 ቀናት ከክፍላቸው እንዳይወጡ ታዘዘ። መስኮት በሌላቸው የውስጥ ክፍሎች የነበሩት በተራ እየወጡ ለጥቂት ጊዜ ንጹሕ አየር እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው። ምርመራው ያረጋገጠባቸው ሰዎች ወደ የብስ ሆስፒታሎች ይወሰዱ ስለነበር፣ ምንም መለየት አልነበረም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በመጨረሻ ከተያዙት 712 ሰዎች 331ዱ ናሙና ሲወሰድባቸው አንዳች የበሽታ ምልክት አልነበራቸውም። ትኩሳትና ሳል እየጠበቀ የሚለይ ሥርዓት ከተያዙት ግማሽ ያህሉን ሳያይ ያልፋል ማለት ነው፤ ያላያቸውም ሰዎች ከባል ወይም ከሚስት ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተዘግተው ይቀመጣሉ፣ ወይም ደግሞ በመርከቡ መተላለፊያዎች ይመላለሳሉ።

ይመላለሱ የነበሩት እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተሳፋሪው ከክፍሉ ካልወጣ ምግቡን የሚያበስልለት፣ በቀን ሦስት ጊዜ በትሪ በሩ ላይ የሚያደርስለት፣ የበላበትን ሳሕን የሚሰበስብና የሚያጥብለት ሌላ ሰው መኖር አለበት። ይህን ይሠሩ የነበሩት ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ክፍልና መታጠቢያ ይጋራሉ፤ የሚበሉት በአንድ የጋራ አዳራሽ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባወጣው ጥናት መሠረት፣ እስከ ፌብሩዋሪ 9 ድረስ ቫይረሱ ከተገኘባቸው 20 ሠራተኞች 15ቱ በምግብ አገልግሎት የተመደቡ ነበሩ፤ 16ቱ ደግሞ የምግብ ሠራተኞቹ በሚያድሩበት በሦስተኛው ደርብ ይኖሩ ነበር። የጃፓን ብሔራዊ የተላላፊ በሽታዎች ተቋምም መርከቧ አገልግሎት እንድትሰጥ ሠራተኞቹ መሥራት ስላለባቸው ሙሉ በሙሉ ሊለዩ እንዳልቻሉ ጽፏል። ይህ ዐረፍተ ነገር በዘገባው ውስጥ እንደ ቴክኒክ ማስታወሻ ተቀምጧል፤ በእኔ አስተያየት ግን የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች እንደማይለዩ አስቀድሞ የታወቀበት ቦታ ለይቶ ማቆያ ሊባል አይገባውም። የኮቤ ዩኒቨርሲቲው የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ኬንታሮ ኢዋታ ፌብሩዋሪ 18 መርከቧ ላይ ወጥተው ንጹሑና የተበከለው ክፍል ተለይቶ አለመከለሉን በይፋ ሲናገሩ ባለሥልጣናት ተቃወሟቸው። የምግብ ትሪው የሚመላለስበት መተላለፊያ ግን ሁለቱንም ክፍል ያገናኝ ነበር።

እገዳው ሠርቷል የሚል መልስ አለ፤ መልሱም በቁጥር የተደገፈ ስለሆነ በቁም ነገር መታየት ይገባዋል። በ2020 በአንድ የጉዞ ሕክምና መጽሔት የወጣ የሂሳብ ጥናት ምንም እርምጃ ባይወሰድ ኖሮ 2,920 ያህል ሰዎች ይያዙ እንደነበር ገምቷል፤ አንድ በሽተኛ በአማካይ ያስይዛቸው የነበሩት ወደ 15 የሚጠጉ ሰዎች ከእገዳው በኋላ ከሁለት በታች ወርደዋል። ስለዚህ ክፍልን መዝጋት ከምንም ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያው ጥናት ሌላ ስሌትም ይዟል። ፌብሩዋሪ 3 ቀን ሁሉም ሰው ከመርከቧ እንዲወርድ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ በበሽታው ተይዘው የሚወርዱት 76 ያህል ብቻ ይሆኑ ነበር ይላል። የመጀመሪያውን ስሌት ይዞ ሁለተኛውን መተው ሐቀኝነት አይደለም። ሠራተኞቹ በመቶኛ ሲሰላ ከተሳፋሪዎቹ ያነሱ ናቸው የሚል ተጨማሪ ክርክርም ይቀርባል፤ እውነት ነው፣ ከተሳፋሪዎቹ 567፣ ከሠራተኞቹ 145 ናቸው የተያዙት። ልዩነቱ ግን በጊዜው ላይ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ የተያዙት በሮቹ ከመዘጋታቸው በፊት፣ በጭፈራውና በግብዣው ወቅት እንደሆነ ይታመናል፤ ከመዘጋታቸው በኋላ ስርጭቱ የቀጠለው በሠራተኞችና በአንድ ክፍል አብረው በተዘጉ ሰዎች መካከል እንደነበር የጃፓኑ ተቋም ራሱ አመልክቷል። እገዳው ተሳፋሪውን ከአደጋ ያወጣው ሠራተኛውን ወደ አደጋው እየላከ ነው።

ጃፓን 3,700 ሰው በአንድ ጊዜ የት ታሳርፍ ነበር? ምርመራውም ያን ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ችግሩ የእውነት ነው። ይሁን እንጂ አሜሪካ ፌብሩዋሪ 17 ከ300 በላይ ዜጎቿን በአውሮፕላን ወሰደች፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ፤ ማርች 1 ካፒቴኑ በመጨረሻ ሲወርዱ መርከቧ ባዶ ሆነች። ስለዚህ ማውረድ የሚቻል ነገር ነበር፤ የዘገየው መንግሥታት ዜጎቻቸው ሲያዙ እስኪያዩ ድረስ ስላልተቻኮሉ ነው። ከጃፓን እጅግ ደሃና ትንሽ የሆኑ አገሮች ያደረጉትም አለ። ኩባ በማርች 2020 ብሬማር የተባለችውን መርከብ ማሪዬል ወደብ አስገብታ ከ600 በላይ ተሳፋሪዎቿን በአውሮፕላን ወደ ብሪታንያ ሸኘች። ኡራጓይም ከ217 ሰዎች በ128ቱ ላይ ቫይረሱ የተገኘባትን ግሬግ ሞርቲመር የተባለች መርከብ ተቀብላ በኤፕሪል ተሳፋሪዎቹን በተለየ መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰቻቸው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በ1377 የራጉሳ ከተማ (የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ) ከወረርሽኝ አገር የሚመጡ ሰዎች ለ30 ቀናት ከከተማው ውጭ እንዲቆዩ ስትደነግግ፣ ማቆያ ያደረገችው ደሴትንና ከከተማው የራቀ የብስን ነው። የበሽታውን ምንነት የማያውቁት የ14ኛው መቶ ዘመን ሰዎች እንኳ ሰውን ከመርከብ አውርደው ነበር የሚያቆዩት።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከአውስትራሊያ የሚመጣ ነው። ሩቢ ፕሪንሰስ ማርች 19 ቀን 2020 ሲድኒ ስትደርስ ወደ 2,650 የሚጠጉ ተሳፋሪዎች ያለ ገደብ ወረዱ፤ ከመርከቧ ጋር የተያያዘው ሞት 28 ደረሰ። እንግዲህ ማውረድ ማለት ይህ ነው ይላሉ ተቃዋሚዎች። ነገሩ ግን የእኔን ክርክር የሚያጠናክር ነው። የኒው ሳውዝ ዌልስ ጤና ባለሥልጣናት መርከቧን «ዝቅተኛ አደጋ ያለባት» ብለው ፈረጇት፤ ከታመሙት የተወሰደው ናሙና ውጤት ሳይጠበቅ ሰው በባቡርና በአውሮፕላን ተበተነ። በብሬት ዎከር የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በኦገስት 2020 ባወጣው ዘገባ የወቀሰው ይህንኑ ነው። ዮኮሐማ ላይ ሳይለዩ አቆዩ፤ ሲድኒ ላይ ሳይለዩ ለቀቁ። ሁለቱም ወደቦች መርከቧን እንደ አንድ አካል ቆጥረው አንድ ውሳኔ ሰጡ፤ አንዱ «አደገኛ»፣ ሌላው «ንጹሕ» አለ፤ በውስጧ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ የመለየቱን አድካሚ ሥራ ግን በጊዜው የሠራው የለም። በሲድኒም ቢሆን የወረዱት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። አንድ ሺህ የሚሆኑ ሠራተኞች በመርከቧ ቀርተው ለአንድ ወር ያህል ከባሕር ዳርቻው አቅራቢያ ጠበቁ፤ መርከቧም ኤፕሪል 23 ከፖርት ኬምብላ ስትነሣ የብዙዎቹ ጉዞ በባሕር ሆነ።

«የራሳችንን ሕዝብ እናስቀድም» የሚለው የወደብ አገሮች ክርክርም ሕግ የሌለበት ሜዳ ላይ የቆመ አልነበረም። የ2005ቱ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አንቀጽ 28 መርከብ በጤና ምክንያት ወደብ እንዳይነካ መከልከል እንደሌለበት፣ ወደቡ ዝግጅት ከሌለው ግን በአቅራቢያው ወደሚገኝ ተስማሚ ወደብ መላክ እንደሚቻል ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድሃኖም በፌብሩዋሪ 2020 ይህን ሕግ አገሮች እንዲያከብሩ ጠይቀው፣ በየወደቡ ተባርራ የነበረችውን ዌስተርዳም የተባለች መርከብ ስለተቀበለች ካምቦዲያን አመስግነዋል። አብዛኞቹ አገሮች ግን አልሰሙም። ዛንዳም በተባለችው መርከብ ላይ የደቡብ አሜሪካ ወደቦች ፊታቸውን አዞሩባት፤ አራት ሰዎች ሞተውባት አሜሪካ ውስጥ ፎርት ላውደርዴል የደረሰችው ኤፕሪል 2 ነው። የብሬማር ታሪክ ደግሞ የተለየ ሐዘን አለው። መርከቧ የምታውለበልበው የባሃማስን ባንዲራ ሆኖ ሳለ ባሃማስ ሰው እንዲወርድ አልፈቀደችም። የሽርሽር ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በቤርሙዳ የሚያስመዘግቡት ግብሩና የሠራተኛ ሕጉ ስለሚቀላቸው ነው። እንዲህ ያለው ባንዲራ በሰላም ቀን ለባለቤቱ ይጠቅማል፤ በክፉ ቀን ግን ለሠራተኛው ደራሽ አይሆንም።

ተሳፋሪዎች ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ጋዜጦች ፊታቸውን ወደ ሌላ መለሱ፤ ጉዳዩ ግን ገና መሐሉ ላይ ነበር። በኤፕሪል 2020 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በአገሪቱ የባሕር ዳርቻዎች አቅራቢያ 100 የሚያህሉ መርከቦች ወደ 80,000 ከሚጠጉ ሠራተኞች ጋር መቆማቸውን አስታወቀ። ሠራተኞቹ በመደበኛ አውሮፕላን እንደማይሄዱ የኩባንያ ኃላፊዎች በፊርማቸው ማረጋገጥ ነበረባቸው፤ ለብቻ የሚከራይ አውሮፕላን ይጠበቅባቸዋል ማለት ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ወጪው ከባድ ነው አሉ። ተሳፋሪዎችን ወደየአገራቸው ለመመለስ አውሮፕላን ተገኝቷል፤ ለክፍል አጽጂውና ለአስተናጋጁ ሲሆን ግን ሂሳብ ተሠራ። ብዙ ሰዎች ደመወዛቸው ተቋርጦ፣ ኮንትራታቸው አልቆ ለወራት ባሕር ላይ ቆዩ። በጭነት መርከቦች ያሉትን ጨምሮ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2020 መጨረሻ ከመርከብ መውረድ ያልቻሉትን ባሕረኞች 400,000 ገምቷቸዋል። በ2006 የወጣው የባሕረኞች የሥራ ስምምነት ግን አንድ ሰው ያለማቋረጥ 12 ወር እንዲሞላ አይፈቅድም። ተሳፋሪው 14 ቀን ተዘግቶ ዓለም አዘነለት፤ ማዘኑም ትክክል ነው። የሠራተኛው ስምንትና ዘጠኝ ወር ግን በጤና ሕግ ስም ያለ ጥያቄ ታለፈ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል፣ ክትባት መጥቷል፣ መርከቦቹ ተሻሽለዋል የሚሉ አሉ። ክትባቱ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን መርከብ በሕግ ሊታጠር የሚችል ንጹሕ ደሴት ነው የሚለው እምነት በክትባቱም ዘመን ተፈትኖ ወድቋል። ኦሚክሮን በመጣበት በዲሴምበር 2021 በአሜሪካ ውኃ ላይ በሚጓዙ መርከቦች በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ5,000 በላይ ሰዎች መያዛቸው ተመዘገበ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት 162 ብቻ ነበሩ። አብዛኛው ሰው የተከተበና ከመሳፈሩ በፊት የተመረመረ ነበር።

ስለዚህ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሳይመጣ መጻፍ ያለበት ሕግ የመርከቡን በር ሳይሆን የሰዎቹን መውረድ የሚመለከት መሆን አለበት። የሽርሽር መርከብ እንዲነካው የሚፈቅድ፣ ከገቢውም የሚጠቀም ወደብ ሁሉ፣ በሽታ ሲነሣ ሰዎችን በየደረጃው አውርዶ የሚያሳርፍበት የየብስ ቦታ አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ ኩባንያውም ወጪውን አስቀድሞ በመያዣ ያስቀምጥ፤ ሠራተኛው ከተሳፋሪው እኩል ለብቻው የሚያርፍበት ክፍል ይኑረው፤ እስኪወርድም ደመወዙ አይቋረጥ። ይህ ትኬቱን ያስወድዳል። ያስወድደው፤ ያን ወጪ እስከ ዛሬ የሸፈነው የሠራተኛው ሳንባ ነው። በ2022 የባሕረኞቹ የሥራ ስምምነት ተሻሽሎ ማሻሻያው ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ጸንቷል፤ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ባሕረኛ በፍጥነት ከመርከብ እንዲወርድና በየብስ እንዲታከም ያዝዛል። ትሪ ተሸክሞ ከበር ወደ በር የሚመላለሰውን፣ ገና ያልታመመውን ሰው የማውረድ ግዴታ ግን በማሻሻያው ውስጥ የለም።