ቲፎዞነት እስከ ምን ድረስ?



በዚህ ወር የምንጨዋወተው ስለ ኳስ ነው። «ደግሞ በዚህ ገጽ ስለ ኳስ ምን ይወራል?» የምትሉ አባቶችና እናቶች እንደምትኖሩ አንጠራጠርም። ነገር ግን ልጆቻችሁ ሳምንቱን ሙሉ የሚያወሩት እርሱን ከሆነ፣ ጉዳዩ የሜዳ ብቻ ሳይሆን የቤታችሁም ጉዳይ ነው።

ዓለም ባንክ አካባቢ ተማሪ ያለው ቤተሰብ ነገሩን ያውቀዋል። ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለጥሎ ማለፍ ሲደራረሱ፣ ጨዋታው የሚጀመረው ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ አይደለም። ከቀናት በፊት በእረፍት ሰዓት ዘፈን ይወጣል፤ አስጨፋሪ ይመረጣል፤ «እናሳያችኋለን» የሚል መልእክት በታናናሽ ወንድሞች በኩል ይላካል። ልጆቹ ዩኒፎርማቸው ቢለያይም ሰፈራቸው አንድ ነው። በአየር ጤና ታክሲ አብረው ይጋፋሉ፤ ከአንድ ሱቅ ዳቦ ይገዛሉ፤ ጁሙዓ ሲደርስም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዳሉ። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች የሚደግፉ ወንድማማቾች በአንድ ትሪ የሚበሉበት ቤትም አይጠፋም።

ታዲያ ፉክክሩ ጥፋት ነውን? አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በውድድር ደስ ይሰኙ ነበር። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪም በዘገቡት ሐዲስ፣ የአስለም ጎሳ ሰዎች ቀስት በመወርወር ሲፎካከሩ ነብዩ በአጠገባቸው አለፉ። አበረታቷቸውና እርሳቸው ከአንደኛው ወገን ጋር መሆናቸውን ነገሯቸው። ይሄኔ ሌላኛው ወገን እጁን ሰበሰበ። ነብዩ ምክንያቱን ቢጠይቁ፣ እርሳቸው ከዚያኛው ወገን ሆነው እንዴት እንወረውራለን የሚል መልስ አገኙ። እርሳቸውም ከሁላቸውም ጋር መሆናቸውን ገልጸው ውድድሩ እንዲቀጥል አደረጉ።

ወጣቶች ሆይ! ይህን ታሪክ ልብ በሉት። አንዱ ወገን እጁን ሲሰበስብ ጨዋታው ራሱ ቆመ። ተጋጣሚ ከሌለ ግጥሚያ የለምና። የቲፎዞነት ልክ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድጋፋችሁ የራሳችሁን ልጆች ጉልበት የሚሰጥ ከሆነ መልካም ነው። ሌላው ወገን ፈርቶ ወይም ተዋርዶ እንዳይጫወት የሚያደርግ ከሆነ ግን ያጠፋችሁት የምትወዱትን ኳስ ነው።

ይህ ደግሞ በአገራችን የታየ ነገር ነው። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር በወልድያ ሊካሄድ የነበረው የወልድያና የመቀሌ ጨዋታ በተነሳው ግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል። ኳሷ ሳትነካ ሰው ተጎዳ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2004 ዓ.ም. በጥር ወር በግብጽ ፖርት ሰዒድ ከተማ፣ በአል መስሪና በአል አህሊ ጨዋታ ማብቂያ ላይ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሚያስገርመው፣ በዚያ ዕለት የተሸነፈው ተጠቂው አል አህሊ ነበር። አጥቂዎቹ ቡድናቸው 3 ለ 1 አሸንፎላቸዋል! እንግዲህ ጥላቻ አንዴ ከተቀጣጠለ ድል እንኳ አያበርደውም ማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አብዛኞቹም አንድ ሃይማኖት ያላቸው የአንድ አገር ልጆች ነበሩ።

ነገሩ እዚህ የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ዘሎ አይደለም። ዘፈኑ መጀመሪያ ስለ ኳስ ነው። ቀጥሎ ስለ ተጫዋቹ መልክ ይሆናል። ከዚያ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ብሔሩ፣ ስለ እናቱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ለማንሳት የሚቀረው መጎንበስ ብቻ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ የከለከለውም የሚሳለቁበት ከሚሳለቀው የተሻለ ሊሆን እንደሚችል በማስታወስ ነው።

መሸነፍስ? እርሱም ትምህርት አለው። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመል አል ዐድባእ በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመሉ መጥቶ ቀደማት። ሶሓቦቹ በጣም ከፋቸው። ነብዩ ፊታቸውን አይተው፣ በዚህች ዓለም ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ዝቅ እንዲል የአላህ ሕግ መሆኑን አስረዷቸው። በገጠሬው ላይ አልተቆጡም፤ ይደገም ብለውም አልጠየቁም። የነብዩ ግመል ከተቀደመች፣ የእኛ ትምህርት ቤት ቢሸነፍ ምን ይገርማል?

እስቲ አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ።

አስጨፋሪዎች! ዘፈን ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። በተጋጣሚያችሁ ትምህርት ቤት የሚማረው ጎረቤታችሁ ከእናቱ ጋር ቆሞ ቢሰማው ታፍራላችሁ? የምታፍሩ ከሆነ ጣሉት። ድንጋይ የሚወረውረው ብዙውን ጊዜ ከኋላ ያለ ታዳጊ ነው፤ የሚሰማው ግን እናንተን ነው። የመጀመሪያዋን ስድብ ስታስቆሙ የመጨረሻውን ድንጋይ አስቆማችሁ።

ወላጆች! ልጃችሁ ሲመለስ «አሸነፋችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ከእነማን ጋር መጣህ?» በሉት። ከሜዳው ይልቅ የሚያሰጋው የመመለሻው መንገድ ነውና። ቢቻል ከሌላው ትምህርት ቤት ከሚማረው የጎረቤት ልጅ ጋር አብረው ይሂዱ፤ አብረውም ይመለሱ። እናንተም ቤት ውስጥ ስለ ሌላው ሰፈር ሰው የምትናገሩትን ተጠንቀቁ፤ ልጅ ሜዳ ላይ የሚጮኸው አንዳንዴ ማዕድ ላይ የሰማውን ነው።

መምህራን! የሁለቱን ትምህርት ቤቶች አስጨፋሪዎች ከጨዋታው ቀን በፊት አገናኟቸው። ሻይ አብሮ የጠጣ ሰው ለመሳደብ ይከብደዋል። ጨዋታው ከመግሪብ በፊት አልቆ ተማሪው በብርሃን ቤቱ እንዲገባ፣ የሁለቱ ወገን መውጫም እንዲለይ አድርጉ።

የጥሎ ማለፉ ውጤት በሁለት ሳምንት ይረሳል። በማግስቱ በታክሲ ተራው የምታገኙት ያው የሰፈር ልጅ ነው። ሰላምታ ልትሰጡት የምትችሉ ከሆነ፣ ዋንጫው ለማንም ይሂድ፣ አሸንፋችኋል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።